አትፈላሰፊብኝ

ደግሞስ ሦስት ሰው ክፍል አይሆንም ያለው ማን ነው፣ ጉልቻ እንኳ ሦስት ነው፣ ድስት ይሸከማል፣ ሦስተኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ፣ እኔ ከተነሳሁ ድስቱ ተደፋ ማለት ነው፣ ይሄን ልበለው? ለምክትል ርእሰ መምህር ስለ ጉልቻ ይወራል? አይወራም። ክቡር ምክትል ርእሰ መምህር፣ በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት የፍልስፍና ትምህርት ሦስት ተማሪ ካገኘ ይከፈታል፣ ይኸው ሦስት ነን፣ እንዲህ ነው የሚባለው፣ ረጋ ብሎ፣ እጅን ጭን ላይ አድርጎ፣ ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ። ጉልቻው ለራሴ ይቅር።

በሩ አሁንም ዝግ ነው። ምክትሉ ከውስጥ ስልክ ያወራል፣ ይስቃል፣ ይሳቅ ግዴለም፣ የሳቀ ሰው እሺ ማለት ይቀናዋል።

አባዬ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ሊፍት ከሚጠግንበት ሥራው ነው የመጣው፣ በቱታው፣ እጁን ታጥቧል ግን ጥፍሩ ሥር ያለው የማሽን ዘይት ታጥቦ የሚለቅ አይደለም፣ ከኔ ጋር አያወራም፣ ጆሮው ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ሊፍት ጋር ነው። ሊፍቱ ወጥቶ በቆመ ቁጥር አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ሰማሽው? ምኑን? ሲቆም ነጠር ይላል፣ ፍሬኑ ሳስቷል፣ ማን ነው የሚይዝላቸው? እኔ እንጃ አባዬ። ሰው ሊፍት ውስጥ ዘው ብሎ እየገባ ማን እንደሚይዘው አለመጠየቁ ይገርመኛል፣ ይላል፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው። እኔንም ይገርመኛል፣ አንዳንዴ ይሄ ሰውዬ አባቴ ባይሆን ኖሮ ወዳጄ ይሆን ነበር እላለሁ፣ ዛሬ ግን ወዳጅ አይደለም፣ ዛሬ የመጣው ሊያስቀይረኝ ነው።

ተደብቆም አይደለም። በግልጽ ነግሮኛል፣ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ ዛሬ ሄጄ አስቀይረዋለሁ፣ ፍልስፍናው ይወጣል ኬሚስትሪው ይገባል፣ በቃ። ይችላል። ወላጅ ካልፈቀደ ምርጫው አይጸናም፣ ያም ደንብ ነው፣ ደንብ መቼም እኔን ብቻ ሊጠቅም አልተፈጠረም። የቅድመ ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ ሁለት ዓመት ነው፣ ስድስት ትምህርት ትመርጫለሽ፣ ሦስቱን በጥልቀት ሦስቱን በመጠኑ፣ ከዚያ በኋላ የገባሽበት ገባሽበት፣ መሃል መንገድ ላይ ወራጅ የለም። እና ትምህርት ቤቱ በሞላ አንድ እናት የወለደችው ይመስል አንድ ዓይነት ነው የሚመርጠው፣ ግማሹ ባዮሎጂ ኬሚስትሪ ሒሳብ፣ ግማሹ ኢኮኖሚክስ ቢዝነስ ሒሳብ፣ ምን መረጥሽ ብለሽ አትጠይቂም፣ የየትኛው ግማሽ ነሽ ብለሽ ነው የምትጠይቂው። እኔ የየትኛውም አይደለሁም። ሲጠይቁኝ ፍልስፍና እላለሁ፣ አፌን ሞልቼ፣ ከዚያ ፊታቸውን አያለሁ፣ ዓይናቸው ቆም ትላለች፣ ይቺን ነገር እወዳታለሁ፣ ኩራት ኃጢአት ከሆነም ይሁን።

ጦሱ ኬሚስትሪ ላይ አንደኛ መሆኔ ነው። ሰነፍ ብሆን ማን ዘወር ብሎ ያየኝ ነበር፣ የፈለገችውን ትማር ብለው ይተዉኝ ነበር፣ ዳንስ እማራለሁ ያለው ልጅ ተትቶ የለ። ጎበዝ ስትሆኚ ሁሉም ባለድርሻ ነው።

ደግሞ ቤታችን ውስጥ ፍልስፍና የትምህርት ስም አይደለም፣ የጥፋት ስም ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚወጣው ብርጭቆ ለኛ ለምን አይወጣም፣ እኛ ሰው አይደለንም? አትፈላሰፊብኝ። ነገ ለሚቆሽሽ ወለል ዛሬ መወልወል ምን ይባላል? አትፈላሰፊብኝ። እህቴ ስታጠፋ ሰነፈች ነው፣ እኔ ሳጠፋ ተፈላሰፈች ነው። እና አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያዬን አስቀምጬ፣ ፍልስፍና ልማር ነው፣ አልኩ። እማዬ ሳቀች፣ የምር ሳቀች፣ ጉሮሮዋን ያዘች፣ ልትማሪው ነው ልታስተምሪው? አባዬ አልሳቀም። አክስቴ በነጋታው ደወለች፣ እማዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ አክስቴ እኔ መኖሬን አላወቀችም፣ ፍልስፍና ተምራ ምን ልትሆን ነው፣ ፈላስፋ? ፈላስፋ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ? ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው የኔ እህት። እማዬ እኔን እያየች፣ እየሰማችሽ ነው፣ አለቻት። አክስቴ ድምጿን አለስልሳ፣ እንደምን ነሽ የኔ ቆንጆ? ደህና ነኝ አክስቴ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ሲባል ሰምቼ ከሥሩ ልጀምር ብዬ ነው። እማዬ ቢላዋውን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ሽንኩርቱ ነው አትበዪኝ።

ይችን መልስ እስከ ዛሬ እኮራባታለሁ። ሳልዘጋጅባት ነው የወጣችው።

ሁሉም የመጣው ከማለት ነው። ማለት የፍልስፍና መምህሯ ናት፣ ሒሳብም የምታስተምር ቀጭን ሴትዮ፣ ማለት የሚለውን ስም ያወጣንላት ሌላ ቃል የማትወድ ስለሚመስል ነው፣ ምንም ብትያት፣ ማለት? ትላለች፣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ፣ ዝም ብላ ትጠብቅሻለች። መምህራኑ ሁሉ ትምህርታቸውን የሚያስተዋውቁበት ቀን አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ጠረጴዛቸው ጋ ቆመው ነበር፣ ኢኮኖሚክስ ጋ ሰልፍ፣ ባዮሎጂ ጋ ግፊያ፣ ማለት ጋ ማንም፣ ከጠረጴዛው ወዲህ አንድ ባዶ ወንበር፣ አሳዘነችኝና ቁጭ አልኩ፣ እውነቱ ይሄ ነው፣ ለሷ አዝኜ ነው የጀመርኩት። ምን ፈልገሽ መጣሽ? ዝም ብዬ ነው ቲቸር። ዝም ብሎ ማለት? ማለት፣ እንዲሁ። እንዲሁ ማለት? ሳቅኩ፣ አልሳቀችም፣ ያለ ምክንያት የሚደረግ ነገር አለ እያልሽኝ ነው? ለዚህ መልስ ልሰጥ ብዬ የምሳ ሰዓቴ አለቀ፣ ሳልበላ፣ አዳራሹን እየጠረጉ እግራችን ሥር ደረሱ፣ ሁለታችንም እግራችንን አነሳን እንጂ አልተነሳንም።

ያን ቀን ቤት ገብቼ አባዬን ነካሁት። አለ አይደል፣ ሰው ሊፍት ውስጥ ሲቀረቀር ይደወልለታል፣ እኛ እራት ላይ ነን እሱ የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ፣ ደረስኩ፣ ደረስኩ፣ አሁን በሩ ጋ ነኝ፣ አይዟችሁ፣ ይላል፣ ገና ጫማው አልጋ ሥር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፣ ማንም ሰው መንገድ ሳይወጣ ደረስኩ ይል የለ፣ ግን ያን ቀን ጠየቅኩት፣ አባዬ፣ ደረስኩ ስትላቸው ትዋሻለህ? ምን አልሽ? ማለቴ፣ አልደረስክም እኮ። አንቺ ልጅ አትፈላሰፊብኝ፣ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ታፍነሽ ታውቂያለሽ? እጄን ልታጠብና እመጣለሁ ልበላቸው? ተነስቶ ሄደ፣ ሰዎቹን አወጣቸው፣ ተመልሶ መጥቶ ጋደም አለ። ጠዋት ግን ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል፣ ውሸት አይደለም፣ አለኝ። ምኑ? ደረስኩ ማለት ውሸት አይደለም፣ በሐሳቤ ደርሻለሁ።

በሐሳቤ ደርሻለሁ! ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ነው የወረድኩት፣ ለማለት ነገርኳት፣ በሐሳብ መድረስ ማለት? አለች፣ ግን ሳቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፣ አባትሽን አምጪልኝ አለች፣ አራተኛ ተማሪ ይሆነኛል። ለአባዬ አልነገርኩትም። ይኮራል ብዬ አልነበረም፣ ይቆጣል ብዬም አልነበረም፣ እንጃ፣ ለራሴ ላስቀራት ፈለግኩ።

በሩ ተንቀሳቀሰ፣ የለም፣ ንፋስ ነው።

ግን አባዬ አንድ ጥያቄ አለው፣ የሱ ጥያቄ፣ እሷን ነው የምፈራው። ሊፍት የሚመረምር ሰው ሊፍቱ እንዴት እንደሚወጣ አይጠይቅም፣ ከተበጠሰ ምን ይይዘዋል ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ገመዱ ቢበጠስ ከሥር ሳጥኑን ነክሶ የሚያቆም ጥርስ አለ፣ እሱ መኖሩን በዓይኑ ሳያይ አይፈርምም። እና ለሁሉም ነገር ይቺን ነው የሚያወጣው፣ ለጋብቻም፣ ለንግድም፣ የሰፈር ሰው አክሲዮን ልግዛ ብሎ ሊያማክረው ሲመጣም፣ ከተበጠሰ ምን ይይዘዋል? ለኔም መጣች። እሺ፣ ተማርሽው፣ አወቅሽው፣ ከተበጠሰ ምን ይይዝሻል? አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። እኔ፣ ለአክስቴ ምላሽ የማላጣው፣ ለማለት ምላሽ የማላጣው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ አለና ጋዜጣውን አነሳ።

የሱ እንኳ ይሁን፣ የእህቴ ነው የባሰው። እህቴ ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ናት፣ አባዬ ከአሁኑ ዶክተሬ ነው የሚላት፣ እሷ ደግሞ ክፉ ብትሆን በወደድኩ፣ ለመጥላት ትመቸኝ ነበር፣ ክፉ አይደለችም። ልብስ እያሰጣን ነው፣ አንሶላውን በወዲያ ጫፍ ይዛ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ትፈልጊዋለሽ ወይስ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብሽ ነው? በእርግጥ እፈልገዋለሁ! አልኩ፣ ቶሎ፣ በጣም ቶሎ። እሺ፣ አለች። አንሶላውን ጠምዝዘን ጨመቅነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ እሾህ ሆና ተሰክታብኛለች፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ ሁሉም ተው ስላለኝ ይሆን የያዝኩት፣ እንዲያ ከሆነስ፣ አይደለም፣ ከሆነስ?

ግቡ።

ቢሮው ጠባብ ነው። መደርደሪያው ላይ የእግር ኳስ ዋንጫ፣ አቧራ ጠጥቷል፣ ምክትሉ ወፈር ያለ ትሁት ሰው ነው፣ ተነስቶ አባዬን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ይቀመጡ አባት፣ ይቀመጡ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ይዳብስ ጀመር፣ ወረቀት ያነሳል ያስቀምጣል፣ መነጽሬን የት ነው ያደረግኩት? ግንባርዎ ላይ ነው፣ አለ አባዬ። ሦስታችንም ፈገግ አልን፣ ጥሩ፣ ጥሩ አጀማመር ነው፣ እጄ ጭኔ ላይ ነው።

እንግዲህ አባት፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። አውቃለሁ። እንዲህ ያለ የኬሚስትሪ ተማሪ በየጊዜው አይመጣልንም። አውቃለሁ። አውቃለሁ ይላል! ለኔ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፣ ሰርተፊኬቴን ሲያይ፣ እህ፣ ብቻ ነው የሚለው፣ ሰው ፊት ግን አውቃለሁ፣ ሲያውቅ ኖሯል። ፍልስፍናን አልንቅም አባት፣ አከብረዋለሁ፣ ግን ኬሚስትሪን ከተወች ሕክምናውም ፋርማሲውም ይዘጋባታል፣ ኋላ ልመለስ ብትል አትችልም፣ እኔ የምሰጋው ለሷ ነው። እውነቱን ነው። የሚያናድደው ይሄ ነው፣ ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እውነቱን ነው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በቃ፣ አለቀ፣ ሁለት ትልልቅ ሰው ከተስማማ አንዲት ልጅ ምን አባቷ ታመጣለች፣ ሌሎቹ ሁለቱ ልጆችስ፣ ክፍሉ ሊዘጋባቸው ነው፣ ማለት ወደ ሒሳቧ ልትመለስ ነው።

እሺ መምህር፣ አለ አባዬ፣ ኬሚስትሪ ወሰደች እንበል። እንበል። ተበጠሰሳ? ምኑ? መንገዱ ነዋ፣ ሕክምናው ሳይሆን ቀረ፣ ወይ ገባችበትና ጠላችው፣ ያኔ ምን ይይዛታል? ምክትሉ ዓይኑን አርገበገበ፣ ያው፣ ሌላ የሳይንስ ዘርፍ አለ። እሱም ቢበጠስ? አባት፣ እንዲህ እያልን ከሄድን ማብቂያ የለውም። የለውም፣ እኔም ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ኧረ አባት፣ እዚህ ፍልስፍና አይደለም እኮ የምናወራው!

ከንፈሬን ነከስኩ፣ አትሳቂ፣ በናትሽ አትሳቂ፣ የዋንጫውን እጀታ አየሁ፣ ምክትሉ ያለው ነገር ዞሮ ራሱ ጆሮ ውስጥ ሲገባ አየሁት፣ ማለቴ፣ አለ፣ ነው እንጂ፣ እሱን ነው የምናወራው፣ ማለቴ፣ እና መሳቅ የጀመረው እሱ ነው፣ ሆዱ እየተናጠ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፣ አባዬም ሳቀ፣ እሱ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው።

ከዚያ ምክትሉ መሳቁን ተወ። እውነቱን ልንገርዎት? ምንም አይይዛትም አባት። ኬሚስትሪም አይይዝም፣ ፍልስፍናም አይይዝም። እኔ ልጄን እርግጠኛው መንገድ ይሄ ነው ብዬ ባልኩት ነው የሰደድኩት፣ ጨርሷል፣ ተመርቋል፣ ዛሬ ስልኬን አያነሳም። የሚይዛት ካለ ራሷ ናት። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፣ በሩ ላይ ሆኜ ሲስቅ የሰማሁት ሰውዬ አይመስልም፣ መነጽሩን መልሶ አደረገ፣ አንዱን ጆሮ ሳተው፣ እንደገና አደረገ።

አባዬ አውራ ጣቱን ጉልበቱ ላይ ያሸዋል፣ ሲያስብ እንዲህ ነው። ራሷ ከሆነች እንግዲህ፣ አለና ወደኔ ዞረ፣ ሙሉ ለሙሉ፣ ወንበሩ ተንቋቋ፣ ራሷ ትናገራ። ተናገሪ። ለምን ፈለግሽው?

አሁን። ይሄ ነው የተለማመድኩት፣ መስታወት ፊት፣ ታክሲ ውስጥ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ ቃል በቃል፣ የት ሄደ፣ ግን አባዬ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ግን ምክትል ርእሰ መምህር፣ ግን አክስቴ፣ ሁሉም በግን ነው የሚጀምረው፣ አሁን ግን የሚባልለት ሰው የለም፣ ማንም አልከለከለኝም፣ ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ያዩኛል፣ ልክ ግድግዳ ስገፋ ቆይቼ ግድግዳው የተነሳ ያህል ወደ ፊት ልወድቅ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነበር? ንገሪያቸው፣ ለራስሽ ንገሪ መጀመሪያ። ማንም ባይከለክለኝ፣ ማንም ባይደነቅ፣ ስሙን ስጠራ የማንም ዓይን ቆም ባይል፣ ትምህርት ቤቱ በሞላ ፍልስፍና ቢማር፣ እኔ ሦስተኛ ሳልሆን ሦስት መቶኛ ብሆን። እፈልገዋለሁ? ያ አዳራሽ፣ መጥረጊያው እግራችን ሥር ሲደርስ፣ ራብ ትዝ ሳይለኝ፣ ያን ጊዜ ማን አየኝ? ማንም። የማን ዓይን ነበር? የማንም። ነበርኩ ብቻ።

እፈልገዋለሁ።

ኬሚስትሪ ይቀለኛል፣ አልኩ፣ ድምፄ ቀጠነ፣ ይቅጠን። ፍልስፍና ይከብደኛል አባዬ። አንዳንዴ አይገባኝም። ሳይገባኝ ሲቀር ግን አልሰለችም፣ ሌላ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር ያስጠላኛል፣ እዚህ ግን አልጠላም። ከተበጠሰ ምን እንደሚይዘኝ አላውቅም። ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩት ንቄህ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ። እያወቅኩ ነው የምፈልገው።

ይኸው ነው። ወጣ። ሰው ላይ ሳልወረውር የተናገርኩት የመጀመሪያ ነገር ሳይሆን አይቀርም፣ ፈራሁ አልኩ፣ እኔ፣ በቱታ የመጣ አባቴና መነጽሩን የሚረሳ ሰውዬ ፊት፣ አላፈርኩም፣ ይገርማል፣ እንዲያውም ቀና አልኩ።

አባዬ ያየኛል።

ታዲያ አባት፣ አለ ምክትሉ፣ ተስማሙ?

አልተስማማሁም።

ትማር፣ አለ አባዬ።

እንዴት ነው ነገሩ አባት፣ አልተስማማሁም ካሉ እኮ። አልተስማማሁም ነው ያልኩዎት፣ ተሳስታለች ብዬ ነው የማምነው፣ እኔ እሷን ብሆን ኬሚስትሪውን ነበር። ትማር። ኧረ ለኔ ግልጽ ይሁንልኝ፣ ፈቀዱ ወይስ አልፈቀዱም? ፈቅጃለሁ መምህር፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?

ሐሳቡን አልለወጠም፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ የተስማማ ለመምሰል አልሞከረም፣ እህ ብሎም አላለፈኝም፣ ተሳስታለች አለ፣ ዓይኔን እያየ፣ ትማር አለ፣ በዚያው አፍ፣ እኔ እሱን ብሆን ይሄን እችል ነበር? አልችልም፣ እኔ ከኔ ጋር የማይስማማን ሰው አሸንፈዋለሁ እንጂ አልለቀውም፣ ይሄን ማንም አላስተማረኝም፣ የትም ክፍል አይሰጥም፣ እጁን አየዋለሁ፣ ብዕሩን አጥብቆ ይዟል፣ እሱም እየፈራ ነው፣ እየፈራ ይፈርማል፣ ፊቴ ይሞቀኛል፣ አላለቅስም፣ ለምን አለቅሳለሁ፣ ምክትሉ ወረቀቱን እየተቀበለ ወደኔ ፈገግ ይላል፣ አባቴ ነው፣ ልለው እፈልጋለሁ፣ ያውቃል፣ ከገባን ጀምሮ ያውቃል፣ ቢሆንም ልንገረው፣ ይሄ ሰውዬ አባቴ ነው።